ማሽኑ ራጁን ካነበበ ሠልጣኙ ምን ሊማር ነው?

ሰሞኑን በግቢያችን፣ በተለይም በሳይንስ ክፍል ዕጩ መምህራን ዘንድ፣ አንድ ወሬ ካፍ አፍ ሲዘዋወር ይሰማል። «ኮምፒዩተር ራጅ ማንበብ ችሏል፤ እንግዲህ የራጅ ሐኪም የሚባል ሙያ አበቃለት» ይባላል። አንዳንዶቹም ነገሩን ወደ ራሳችን ያዞሩና «ነገ ደግሞ የኛ የመምህራን ተራ ነው» ይላሉ። ወሬው እውነት አለበት፤ የተሳሳተ ነገርም አለበት። ስለዚህ እስቲ ከሥሩ እንመልከተው።

ራጅ ለታሪካችን ባዕድ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ያንን የማይታይ ጨረር በቤተ ሙከራው ያገኘው በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣሊያ የጦር ሐኪም ናፖሊ ከተማ ላይ፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈልጎ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ይህን የመሰለውን ነገር ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 በድምፅ ሞገድ የማሕፀንን ውስጥ ማየት እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ፤ ዛሬ አልትራሳውንድ የምንለው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠሩት ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዲት በሽተኛ አንጎል አሳየ። ኤም.አር.አይ. ከዚያ ተከተለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር አልተለወጠም ነበር፤ ማሽኑ ያሳያል፣ ሰው ያነባል። አሁን የመጣው አዲስ ነገር ማሽኑ ራሱ «እዚህ ጋ በሽታ አለ» ማለት መጀመሩ ነው።

የዚህ ዕውቀት ፊታውራሪ ከሆኑት አንዱ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ጄፍሪ ሂንተን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲናገሩ የራጅ ሐኪም ማሠልጠን አሁኑኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት፣ ቢዘገይም በአሥር ዓመት ማሽኑ ይበልጣቸዋል የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ። የራጅ ሐኪሞች ግን ሥራ አልፈቱም፤ እንዲያውም በሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀር እጥረታቸው ያሳስባል። ለምን ቢባል፣ ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም። የትኛው ምርመራ ያስፈልጋል የሚለውን ይወስናሉ፣ ከአካሚው ሐኪም ጋር ይመካከራሉ፣ በምስል እየተመሩ መርፌ አስገብተው ናሙና ይወስዳሉ። ያን ጊዜ ንግግሩን ሰምቶ ሙያውን የተወ ወጣት ካለ ታዲያ ማን ይካሰው?

ማሽኑ እንዴት ይማራል? አሠራሩ ለመምህር እንግዳ አይሆንበትም። «ይህ ሳንባ ምች አለበት፣ ይህ የለበትም» የሚል ምልክት የተደረገባቸው እጅግ ብዙ ፊልሞች ይሰጡታል። ይገምታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይገምታል። በመጨረሻው መልሱን እየመታ ይሄዳል። በምን ምክንያት እንደመታው ግን አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ይህን ሲመረምር ያገኘው ነገር ያስቃልም ያስደነግጣልም። ምችን እንዲለይ የተማረው ማሽን፣ ከበሽታው ይልቅ ፊልሙ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየትን ተምሮ ኖሯል። ጽኑ ሕሙማን ከሚበዙበት ሆስፒታል የመጣ ፊልም ከሆነ «ምች ነው» ቢል ብዙውን ጊዜ ያገኘዋላ! ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ውጤቱ ቀነሰ። ጥያቄውን ሳያነብ የመልሱን ፊደል ቅደም ተከተል ሸምድዶ መቶ የሚያመጣ ተማሪ አላጋጠማችሁም? ክፍል ሲቀየር ነው የሚታወቅበት።

እንግዲህ ይህን ማሽን ወደኛ ደጋ እናምጣው። ከክምር ድንጋይ ወይም ከእስቴ አንዲት እናት ሳል ይዟቸው ደብረ ታቦር መጡ እንበል። ራጁን የሚያነሳው ባለሙያ በመጀመሪያ ያንገታቸውን መስቀል ያስወልቃል፤ ብረቱ በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣልና። ሹሩባቸውም ትከሻቸው ላይ ከወረደ ወደ ላይ ያስነሣል፤ የተጎነጎነ ጠጉር በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፣ የሳንባው ጫፍ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ የሚወደው ቦታ ነው። ከዚያ «እናቴ፣ ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ ይያዙ!» ይላቸዋል። ካልገባቸው ራሱ አድርጎ ያሳያቸዋል። ትንፋሽ ሳይያዝ የተነሣ ፊልም የሳንባውን ግርጌ ያደፈርሳል፤ ልብንም ካለልክ ያሰፋል። ይህ ሁሉ ማሽኑ አንድ ቃል ሳይናገር በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በዚህ በኩል ሥልጠናው ከላላ ኮምፒዩተሩ የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን የሚያነበው ሹሩባ ነው።

ይህን ስል ማሽኑ ይቅር ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለሳንባ ነቀርሳ ለማጣራት ኮምፒዩተር በሰው አንባቢ ፈንታ የደረት ራጅ ማንበብ እንደሚችል ተቀብሏል። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው አገሮች ተርታ ናት። ራጅ አንባቢ በሌለበት ቦታ ማሽኑ ምንም ካለማግኘት በእጅጉ ይሻላል፤ ይህን የሚክድ የገጠር ጤና ጣቢያ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግን መመሪያው ለማጣራት አለ እንጂ ለመፍረድ አላለም። ማሽኑ የጠረጠረው ሰው አክታው ይመረመራል። ድሮ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ማሽኑ ጠባሳውንና አዲሱን በሽታ ለመለየት ይቸገራል። «ካሁን በፊት ታክመው ያውቃሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት 27 የራጅ ሐኪሞችን ሰብስቦ 50 የጡት ራጆችን እንዲያነቡ አደረገ። ከእያንዳንዱ ፊልም ጋር «የማሽኑ አስተያየት ነው» ተብሎ አንድ መልስ ይቀርብላቸዋል። ከነዚህ መልሶች አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ የተሳሳቱ ነበሩ። ማሽኑ ልክ ሲሆን ጀማሪዎቹ ከመቶ 80 ያህሉን ልክ አገኙ። ማሽኑ ሲሳሳት ግን ወደ 20 ወረዱ። ረጅም ልምድ ያላቸው ሐኪሞችስ? ከ82 ወደ 45 ገደማ። ልብ በሉ፣ ነባሮቹም ተሳስተዋል፤ ጀማሪዎቹ ግን ጭራሽ ዓይናቸውን አስረክበዋል ማለት ይቻላል። ነባሮቹን በመጠኑ ያዳናቸው፣ ማሽን ሳይኖር በፊት ሺሕ ጊዜ እያዩ፣ እየተሳሳቱና በመምህራቸው እየታረሙ ያገኙት ዓይን ነው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከማሽን ጋር የሚሠለጥነው አዲሱ ትውልድ ያንን ዓይን ከየት ያመጣዋል?

በበኩሌ መልሱ አንድ ነው እላለሁ፤ በሥልጠና ጊዜ ሠልጣኙ በመጀመሪያ ብቻውን ይይ፣ ያየውንም ይጻፍ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ። ሁለቱ ሲለያዩ ደግሞ ሠልጣኙ ለምን እንደተለያዩ ያስረዳ። ጊዜ ይፈጃል፣ አዎን። ግን ይህ ዘዴ ከውጭ የመጣ አይደለም። በዙር አምባና በጋይንቷ ቤተልሔም ለማስመስከር የሚቀርብ የዜማ ተማሪ መጀመሪያ ራሱ ያዜማል፤ መምህሩ የሚያርመው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው አፉን ሳይከፍት መምህሩ አዚሞለት «አወቅህ» ቢለው ምስክርነቱን ማን ይቀበለዋል?

ሙያን እንደ አገር ችግር ቀርጾ ማስተማርም ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ሐኪም አልነበረም። ስለዚህ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ሠለጠኑ፤ ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያ በቡድን ወርደው ሕዝቡ መካከል ተማሩ። ዛሬም በአገራችን ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርሶች አልትራሳውንድ እንዲሠሩ ሲሠለጥኑ የሚሰጣቸው ጥያቄ የተወሰነ ነው፤ የፅንሱ ልብ ይመታል ወይ? ስንት ነው? አቀማመጡ እንዴት ነው? የእንግዴ ልጁስ የት ነው ያለው? የእንግዴ ልጁ የማሕፀን በር ላይ መቀመጡ አስቀድሞ ከታወቀ፣ እናቲቱ ደም ሳይፈሳት በጊዜ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። እዚህ ላይ መሣሪያው የአዋላጇን ሙያ አሰፋው እንጂ አልነጠቃትም፤ ምን እንደምትጠይቅ አውቃ ነው እጇን የምትዘረጋው።

መሣሪያ ብቻውን ቀርቶ ሙያው ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሠራተኞችን እዚያ አስቀምጠው ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። መድፉ በሕዝብ ክንድ እስከ መቅደላ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወድቁ አቅላጮቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ መድፉ ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ነገም ማሽኑን የሚጠግን፣ ሲሳሳት የሚያርም፣ በራሳችን ሰው ፊልም እንደገና የሚያስተምር የአገር ልጅ ካልሠለጠነ፣ በየሆስፒታሉ የምናገኘው ትናንሽ ሴባስቶፖል ነው።

«ይህ ሁሉ ለጤና ሠልጣኞች እንጂ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የነገው የራጅ ባለሙያ ዛሬ ስማዳ ወይም ነፋስ መውጫ አምስተኛ ክፍል ተቀምጧል። ጥላን ማየት፣ ያየውን ከገመተው ለይቶ መናገር የሚማረው ካንተ ነው፣ ካንቺ ነው። እኛ ራሳችን የትምህርት ዕቅዳችንን ሳናስብ በስልካችን ከማሽን የምንቀዳ ከሆነ ግን ምን እናስተምረዋለን?

ስለዚህ ለሳይንስ ክፍል አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሆስፒታሎች ወደ ዲጂታል እየዞሩ ስለሆነ የፕላስቲኩ ራጅ ፊልም እየጠፋ ነው። ሳይጠፋ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው የሚሰጡንን አሮጌ ፊልሞች እንሰብስብ። የክፍላችን መስኮት ላይ ለጥፈን፣ ዕጩ መምህሩ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ያየውን በእርሳስ ይሣል፤ ስም መስጠት ኋላ ይደርሳል። የሕፃን እጅ ፊልም ቢገኝ ደግሞ እሰየው፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍተት ሁሉም «ስብራት ነው» ይላል፤ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ መሆኑን ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ስም የተጻፈበት የፊልሙ ጥግ ግን ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በመቀስ ተቆርጦ ይውጣ።