ማን ጠየቃት?

ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ ስለ ማጨስና ስለ እርግዝና ያነሳ ሰው መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «እሱ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ የእኛ ሴቶች አያጨሱም» ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ ቁጥርም አላቸው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 4 በመቶ ያህሉ እንደሚያጨሱ፣ ከሴቶች ግን አጫሾቹ 1 በመቶ እንደማይሞሉ አስፍሯል። ሴት አጫሾች ጥቂት መሆናቸውን አልክድም። ጠቤ በቁጥሩ ላይ ከተገነባው ልማድ ጋር ነው። ጥቂት ናቸው ብለን የሉም አልን፤ የሉም ስላልን አንጠይቃቸውም፤ ስለማንጠይቃቸው ደግሞ ቁጥራቸው ዝቅ እንዳለ ይኖራል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰበሰብም እናስብ። አንዲት የማትታወቅ ጠያቂ ወረቀቷን ይዛ ቤት ትገባለች፤ አማት ጓዳ ናት፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ድምፅ ያሳልፋል። «ታጨሺያለሽ?» ስትባል «አዎ» የምትል ስንቷ ናት? ሴት ማጨሷ ነውር በሆነበት በደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በቃል ብቻ አልረኩም። የሰዎቹን ሽንት ወስደው ኒኮቲን ከሰውነት ሲወጣ የሚተወውን ኮቲኒን የተባለ ቅሪት ፈለጉ። በምርመራው የተያዙት ሴት አጫሾች «አጨሳለሁ» ካሉት ከእጥፍ በላይ ሆኑ። የወንዶቹ ቃልና ሽንት ግን እምብዛም አልተራራቀም። ውሸታሙ ፆታው አይደለም፤ ነውሩ ነው።

አሁን ወደ እርግዝና ክትትል ክፍሉ እንግባ። ክብደት ይለካል፣ የደም ግፊት ይታያል፣ ደም ይቀዳል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይወጋል፣ የብረት ክኒን ይታዘዛል፣ አቅም ላላት አልትራሳውንድ ይነሳል። የኤችአይቪ ምርመራም አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ኤችአይቪን በሹክሹክታ እንኳ መጥራት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ምርመራው ለሁሉም እርጉዝ የዘወትር ሥራ ሲሆን ግን «ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄ ቀረ፤ የሁሉም የሆነ ነገር አንዷን ለይቶ አያሳፍርምና። ማጨስን በተመለከተ ይህን ትምህርት አልወሰድነውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር ማንኛዋም እርጉዝ ትምባሆ አጭሳ ታውቅ እንደሆነ፣ አሁንም ታጨስ እንደሆነ፣ የሌላ ሰው ጭስም ያገኛት እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው፣ ከዚያም በየክትትሉ ትጠየቅ ይላል። እኛ ዘንድ ጥያቄው ቢነሳ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መልሱን ይዞ ነው፤ «ሲጋራ ምናምን የለም አይደል?» ተብሎ። እንዲህ ለተጠየቀች ሴት «አለ» ማለት ከጠያቂዋ ጋር መጣላት ይመስላታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንል ሕዝብ፣ ደብቂ ብለን የምንጠይቅ ሆነናል።

ጊዜ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ይሁን ይባል ነበር። ጉዳዩ ግን የሳምንታት ነው። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚያያዝ ለጽንሱ የሚሄደውን ኦክስጅን ቦታ ይይዝበታል። ቡልቡላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ራሱ ኦክስጅን ይሰስታል። ውጤቱ ይታወቃል፤ ዝቅተኛ የልደት ክብደት፣ ያለጊዜው መውለድ፣ በሆድ የሚሞት ጽንስ። ደግነቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ተጠርጎ ለመውጣት አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የተደረገ አንድ ጥናት ከ15ኛው ሳምንት በፊት ያቆሙ እናቶች ያለጊዜው በመውለድም ሆነ ከዕድሜው ያነሰ ክብደት ያለው ልጅ በመውለድ ካላጨሱት እንዳልተለዩ አሳይቷል። እኛ ዘንድ ግን በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙዋ ስትመጣ 15ኛው ሳምንት አልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ማቆም ይጠቅማል፤ ይሁንና ዘግይታ የመጣችውን ሳይጠይቁ መሸኘት ምን ይባላል?

ደፍራ የተናገረችዋ ደግሞ «በአንዴ አትተዪ፤ ሕፃኑ ይደነግጣል፤ ቀንሺ» የሚል ምክር ይጠብቃታል። አዛኝ ይመስላል። የሚቀንስ አጫሽ ግን የቀረችውን አንዷን ሲጋራ ጠልቆ ነው የሚስባት፤ ኒኮቲኑን ከጥቂቱ ይሞላል። ሕፃኑን የሚያስደነግጠው ጭሱ እንጂ መቅረቱ አይደለም። ለእናቲቱ ከባዱ ያለ ረዳት መተው ነው፤ ብስጭቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከቡና በኋላ የሚመጣውን ፍላጎት ብቻዋን ማለፍ።

ሺሻውን ካላነሳሁ ትችቱ ጎዶሎ ነው። ሲጋራ በእጇ ይዛ የማትታይ ልጅ ሺሻ ፊት ስትቀመጥ «ፍራፍሬ ነው፤ ውሃው ያጣራዋል» ትባላለች። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አይዝም፤ ያ ደግሞ ከላይ ከተጫነው ከሰል ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ጽፈዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሺሻን ንግድ ከልክሏል፤ መልካም። ሕጉ በኛ ሰፈር የሚታወቀው ግን በፖሊስ አሰሳና ተሰብስቦ በሚቃጠል የሺሻ ዕቃ ነው። ይህን በቴሌቪዥን ያየች እርጉዝ ለነርሷ «ሺሻ ነበር የማጨሰው» ስትል ሕመሟን የምትናገር አይመስላትም፤ ቃሏን የምትሰጥ እንጂ። «ዐረብ አገር የለመደችው ነው» የሚለው ሐሜትም ለዚሁ ዝምታ ይረዳል፤ ልጅቷን ከእኛ ያወጣታል፤ ኃላፊነቱንም አብሯት።

ግላስጎው ላይ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። አጫሽ እርጉዞችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን፣ ማቆማቸው በምርመራ ሲረጋገጥ፣ እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የገበያ ኩፖን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚለው በእርግዝናው መጨረሻ ኩፖን ካገኙት 22.5 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 8.6 በመቶ አቁመው ተገኙ። እኛ ኩፖን እንስጥ አልልም፤ በጀቱን አውቀዋለሁ። ግን እዚያ ያቆመችው ተሸለመች፤ እዚህ የተናገረችው ትታማለች።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሴቶቻችን አያጨሱም» ሲባል ማን ነፃ እንደሚወጣ ነው። «እኔ እኮ በረንዳ ላይ ነው የማጨሰው» የሚል ባል አለ። በኮንዶሚኒየም የአንዱ በረንዳ ከሌላው መኝታ ቤት መስኮት በታች ነው፤ ጭስ ደግሞ ሽቅብ ነው የሚሄደው። የሌላ ሰው ጭስ የልጅን የልደት ክብደት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። አዋጁ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ሆዷ የገፋ አስተናጋጅ እስከ ሌሊት በጭስ መሐል ትሪ ስትሸከም ይህ ሕግ ማን ዘንድ እንደተቀመጠ መጠየቅ ይገባል። እሷ አጫሽ አይደለችም፤ ሲጋራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስብ የምትጎዳው ግን እሷ ናት።

«ስንት እናት በደም መፍሰስ እየሞተች ይሄ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ሐኪም ይኖራል፤ ክብደቱን እቀበላለሁ። ያው የ2008ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ግን ማጨስ እንግዴ ልጅ ያለጊዜው ከማኅፀን ግድግዳ እንዲላቀቅ ያጋልጣል፤ እሱም ደም መፍሰስ ነው። ጥያቄው ደግሞ መሣሪያ አይፈልግም፤ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «አጭሰሽ ታውቂያለሽ? ሺሻስ? ቤትሽ ወይም ሥራሽ ቦታ የሚያጨስ አለ?» የመጨረሻውን ኮሪደር ላይ ስልኩን እየነካካ የሚጠብቀው ባል ራሱ ገብቶ ይመልሰው። የፊተኞቹን ግን እሱም እናቱም በሌሉበት።