መልሱን ያልተቀበለው ውሻ

በልጅነቴ የሰማሁት፥ እናንተም ሳትሰሙት የማትቀሩት አንድ ጨዋታ አለ። አህያ፥ ፍየልና ውሻ አንድ ቀን በመኪና ተሳፈሩ ይባላል። ካሰቡት ቦታ በደረሱ ጊዜ አህያ ሒሳቡን ቆጥሮ ከፈለ፤ ፍየል ሳትከፍል ዘልላ አመለጠች፤ ውሻ ግን ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሲጠብቅ ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ አህያ ዕዳ የለብኝም ብሎ መንገድ መካከል ተገትሮ መኪና ቢመጣ ንቅንቅ አይልም፤ ፍየል የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትበረግጋለች፤ ውሻ ግን መልሴን አምጡ እያለ ያገኘውን መኪና ሁሉ ያባርራል።

እኔ የምኖረው አቃቂ ነው። ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪናዎች ባለፉ ቁጥር የሰፈሩ ውሾች እየጮሁ ሲከተሉ ማየት የዘወትር ትርኢት ነው። ሦስተኛ ክፍል አማርኛ በማስተምርበት ዘመን ልጆቹ ሲያንቀላፉ የማነቃቸው በዚህ ጨዋታ ነበር። እነርሱ ይሥቃሉ፤ እኔም አብሬ እሥቃለሁ፤ ደወል ሲደወል ደብተሬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በግቢዬ ግን በሰንሰለት የታሰረ የራሴ ውሻ ነበረኝ፤ እርሱን እያየሁ ይኸ ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነገር ነው። ስለ እንስሳ የሚነገረውን ጨዋታ እንወዳለን፤ እንስሳውን ግን እንበድላለን። ይኸ ጠባይ ያልተማረ ሰው ጠባይ ነው የሚል ቢኖር፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፥ የሰውን ልጅ ሳስተምር ጸጉሬ የሸበተ እኔ ራሴ ምስክር ሆኜ እቀርብበታለሁ።

ውሻውን ያመጣሁት ገና የአንድ ወር ቡችላ ሳለ ነው። ከእናቱ ጡት ለመለየት ሌላ አንድ ወር ያህል ይቀረው ነበር፤ ያን ጊዜ ይኸን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስሙን ቦቢ አልነው። «ጆሮው ካልተቆረጠ አይነቃም» ተባለና አንድ የሰፈር ሰው በምላጭ ሲቆርጠው እኔ ያዝሁለት። «ሚጥሚጣ ካልበላ አይከፋም» ሲባልም ሚጥሚጣ በእንጀራ ጠቅልለን ሰጠነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ገመድ፥ ዓመት ሲሞላው ሰንሰለት ባንገቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ያወቀው ዓለም ከቆርቆሮው አጥር እስከ ባዶ የቀለም ጣሳው ድረስ ያለችውን ክብ መሬት ብቻ ነው። ጣሳው ውኃ የሚኖርበት ቀን ነበር፤ የማይኖርበትም ቀን ነበር። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ። የእጅ ጽሕፈቴማ ያማረ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ዝገት የበላው የሰንሰለቱ ቀለበት ተበጠሰ። የጎረቤታችን ልጅ፥ ያውም የራሴ ተማሪ፥ የስምንት ዓመት ልጅ፥ እናቷ የተዋሰችውን ወንፊት ለባለቤቴ ልትመልስ በር ከፍታ ስትገባ ባቷን ነከሳት። ጩኸት ሰምተን ወጣን። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ማጠብ እንደሚገባ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዲት አሮጊት ፌጦ ደቁሰው ለጠፉበት። ጎረምሶች ዱላ ይዘው መጡና ቦቢን እዚያው ግቢዬ ውስጥ ቀጥቅጠው ገደሉት። በሩ ክፍት ነበር፤ እርሱ ግን ሲቀጠቀጥ ወደ በሩ አልሮጠም። ወደዚያችው ወደ ክቧ መሬት ተመልሶ እየተሽከረከረ ሞተ። ሬሳውን ጎትተው አቃቂ ወንዝ ጣሉት። እኔ ቆሜ ነበር የማየው።

የነከሰ ውሻ ሳይገደል፥ ሰው እንዳይነካ ተደርጎ ዐሥር ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፥ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ እንዳልነበረ ይታወቃል። እኛ ግን ውሻውን ገድለን፥ ለምርመራ የሚሆነውን ራሱን እንኳ ወንዝ ስለ ጣልነው፥ ልጅቱ መርፌውን ሁሉ መወጋት ግድ ሆነባት። በዚያ ዘመን በአገራችን ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የጥንቱ ክትባት ነው፤ ይኸውም ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። እናቷ በየማለዳው ከአቃቂ ተነሥታ፥ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ፥ አውቶቡስ እየቀየረች ፓስተር ድረስ ትወስዳት ነበር። አንድ ማታ ሲመለሱ ጠብቄ የአውቶቡስ ሒሳብ ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሼ፥ ገንዘቡ ይቅርብዎ» አለችኝ። «ልጄ መንገድ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝና የምመልስላት አጣሁ። ጋሼ ክፍል ውስጥ ውሻ የሰው ወዳጅ ነው ብለው አስተምረውን የለም ወይ፥ ታዲያ የእርሳቸው ውሻ ለምን እንደዚያ ሆነ? አለችኝ።»

እግዚአብሔር ይመስገን ልጅቱ ደኅና ሆነች። ለጥያቄዋ ግን እኔም የምመልሰው አልነበረኝም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይኸን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ስለ በሽታው ጥቂት ልንገርህ፤ ይኸ ተረት አይደለምና ልብ ብለህ አንብብ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ከሞት የሚመልስ መድኃኒት የለውም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተከተበ ግን ይድናል። ይኸን በር ለሰው ልጅ የከፈተው ሉዊ ፓስተር ነው፤ በ1885 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል፥ እብድ ውሻ የነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ መጥቶለት ከተበውና አዳነው። የዚህ ሊቅ ስም በከተማችን የሰፈር ስም ሆኖ የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ሲጠራው ይውላል፤ ከተሳፋሪው ግን ፓስተር ማን እንደ ነበረ የሚያውቀው ስንቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ናቸው። በሽታው በሰው ላይ ከሚገባበት መንገድ ከመቶ 99 እጁ ውሻ ነው፤ ከሚነከሱት ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የተነከሰ ሰው ባየህ ጊዜ ፌጦውን ተውና ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠብለት፤ ከዚያ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት አድርሰው። የውሻው ክትባት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70 እጁ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በመርዝ መፍጀት በብዙ አገር ከተሞች ተሞክሮ አልጠቀመም፤ የሞተው ቦታ ሌላ፥ ያውም ያልተከተበ ውሻ ይመጣልና።

አሁን ወደ ጠቤ ልመለስ። ዛሬ ወጣቶቹ በየስልካቸው የውሻና የድመት ጨዋታ ሲያዩ አመሻለሁ። ሃቺኮ የሚባለውን የጃፓን ውሻ የማያውቅ የለም፤ ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ድንገት ቢሞት፥ እስከ 1935 እርሱ ራሱ እስኪሞት ድረስ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ የጠበቀው ነው። ፊልሙን አይተው ያለቀሱ የጎረቤት ልጆች አሉኝ። ከእነርሱ አንዱን፥ እንባውን ከጠረገ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ አንዲት የባዘነች ውሻ በድንጋይ ወገቧን ሲላት በዐይኔ አየሁት። ብጠራው፥ «አይ ጋሼ፥ ይቺ እኮ የመንገድ ውሻ ናት» አለኝ። ሃቺኮስ ጌታው ከሞተበት በኋላ በጣቢያው ላየው ሰው የመንገድ ውሻ አይመስልም ነበርን? ልዩነቱ ፊልም የተሠራለት መሆኑ ብቻ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ የቤተ መንግሥት ውሻ ሁሉ ያወራላታል፤ የአቃቂን ውሻ ግን ማን ያውራለት?

ውሻ ቢያንስ ከ14,000 ዓመት ወዲህ ከሰው ጋር ኖሯል። ከበግና ከላም፥ ከፈረስና ከአህያ በፊት ወደ እሳታችን የቀረበ እርሱ ነው። ያንን ሁሉ ዘመን ጠብቆን፥ ከእኛ ያገኘው ስሙን ስድብ ማድረጋችን ነው። ሴት ቡችላ መሆን ደግሞ የባሰ ነው። «ወንድ ካልሆነ አይጠብቅም» እየተባለ ሴቶቹ ቡችሎች ዐይናቸውን ሳይገልጡ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር ሲጣሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ የተረፉት ባዝነው፥ ተዋልደው፥ ሳይከተቡ በየቄራውና በየቆሻሻው ገንዳ ሲከማቹ ውሻ በዛብን እንላለን። ማን አበዛው? (ስለ ጋሪ ፈረሶች ቁስል ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ነውር ነው።)

የሚቃወሙኝ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ እኔም እለው ስለ ነበረ። አንደኛው «ያልታሰረ አይከፋም፤ ያልከፋ አይጠብቅም» ይላል። ይኸ ሰው መክፋትንና መጠበቅን አንድ አድርጎታል። የታሰረ ውሻ በነፋሱም፥ በድመቱም፥ በእንግዳውም ስለሚጮህ ጌታው ጩኸቱን ለምዶ ይተኛል፤ ሌባ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው የሰንሰለቱን ርዝመት ነው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ሰውንና ልጅን፥ ድምፅንና ግርግርን ካልለመደ፥ ሲያድግ ያልለመደውን ሁሉ ይፈራል፤ ከሚነክሱትም ብዙዎቹ የሚነክሱ ከፍርሃት የተነሣ ነው። እኛ ያቺን ጊዜ በምላጭና በሚጥሚጣ አባክነን፥ ፈሪ አሳድገን ጀግና እንለዋለን። ይልቅስ በአጥር በታጠረ ግቢ ሌሊት የተፈታ፥ የቤቱን ሰው የሚያውቅ ውሻ አጥሩን ዙሪያውን ይጠብቃል። በብዙ ብር የፈረንጅ ዘር ውሻ ገዝተው ሁለት ክንድ በማይሞላ የብረት ሣጥን ውስጥ የሚዘጉት ባለጠጎችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም።

ሁለተኛው «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ትጽፋለህ?» ይላል። ይኸ ነገር ከብዶኝ ብዙ ጊዜ ዝም አሰኝቶኛል። ነገር ግን ውሻዬን ባሠርሁበት ስድስት ዓመት በዚያ ምክንያት የጠገበ አንድ ድኻ አላውቅም። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ መሆኑን አልረሳሁም፤ ቢሆንም አንድ ጣሳ ውኃ የጠፋበት ቤት አላየሁም። ጭካኔያችን ደግሞ የወደቀው በማን ላይ ነው? ወንፊት ልትመልስ በመጣች የድኻ ልጅ ላይ አይደለምን?

ሦስተኛው ውሻ ርኩስ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን አይግባ፥ እኔም አላስገባውም። ነገር ግን የሰንበትን ዕረፍት ያዘዘው ሕግ በሬውንና አህያውን በስም አንሥቶ አሳርፋቸው ሲል፥ እንስሳ የሚደክም የሚታመም መሆኑን ለማስታወስ አልነበረምን? ባለጠጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል ማን እንደ ቀረበው ወንጌል ያነበበ ያውቃል፤ ባለጠጋው አልነበረም።

የአንድ ግቢ ቸልተኝነት ደግሞ በአጥሩ ውስጥ አይቀርም። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ቁጥሩ 500 ያህል ቢሆን ነው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሰው ቤት ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ የአንድ ሸለቆ ቀበሮዎችን አብዛኞቹን ፈጀ፤ ከዚያም በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ ነበር። ስለ ቀይ ቀበሮ በትምህርት ቤት ድርሰት የሚጽፍ ልጅ፥ ቀበሮውን የሚገድለው ያልተከተበ የእረኛ ውሻ እንደ ሆነ ቢነገረው ይገረማል። እነዚያን ቀበሮዎች ለማዳን የደከሙ ሰዎች ያደረጉት ሥራ በብዛት ምን ነበር? የባላገሩን ውሾች መከተብ።

አሁን በቤቴ አንዲት ሴት ውሻ አለችኝ፤ ከወንዝ ዳር ከረጢት የወጣች ናት። ጆሮዋ ሙሉ ነው። የክትባት ወረቀቷ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ መሳቢያ ተቀምጧል፤ በየዓመቱ ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ አሳድሰዋለሁ። መኪና ማባረሯን ግን ማስተው አልቻልሁም፤ ስለዚህ ቀን ቀን በሩን እዘጋለሁ።

አንተም ዛሬ ማታ፥ ስልክህን ካስቀመጥህ በኋላ፥ ወደ ጓሮ ውጣና የእናንተን ቤት ሰንሰለት ለካው። የእኔው ሦስት ክንድ ከስንዝር ነበር።