ክሊኒኩ ሲዋሃድ የመውጫ ፈቃዱስ?

«ውህደት» የሚለውን ቃል በየስብሰባው እየሰማችሁ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ለስደተኛው ለብቻው የተሠራው ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ውሃ በአገሩ አስተዳደር ሥር ይግባ፣ ስደተኛውና ነባሩ ነዋሪ አብረው ይጠቀሙ። ሱዳንን ጨምሮ የኢጋድ አባል አገሮች ስለ ትምህርት ይህንኑ በጅቡቲ መግለጫ የተስማሙት በ2017 ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሁን የሚገፋው ግን ውል ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነው። በ2025 የአሜሪካ ርዳታ ከተቆረጠ ወዲህ ሁለት ክሊኒክ ጎን ለጎን ማቆየት ከባድ ሆኗል።

ሐሳቡን በጭፍን አልቃወምም። በመስከረም 2023 ገዳሪፍ ውስጥ ኮሌራ መግባቱ ሲታወጅ በሽታው ማን ስደተኛ፣ ማን ተፈናቃይ፣ ማን የአገሩ ሰው እንደሆነ አልጠየቀም። ውሃው ከተበከለ የሁላችንም ነው። እኛ ክሊኒክ እያለን የጎረቤት መንደር ሰው ሐኪም ካጣም ቅሬታው ተመልሶ እኛው ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥያቄው ሌላ ነው፦ ተረካቢው ምን ይዞ ይረከባል?

በሱዳን አሠራር ሦስት እርከን አለ፦ ማዕከሉ፣ ዊላያው፣ መሐሊያው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትና ጤና በአብዛኛው የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ ገንዘቡ ግን ከላይ ነው የሚጠበቀው። የሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል፣ ትምህርት ቤቶችም የተፈናቃይ መጠለያ ሆነዋል። ዋሊውም ቢሆን ተሹሞ የሚመጣ እንጂ ሕዝብ የመረጠው አይደለም። እንዲህ ላለ መሥሪያ ቤት ክሊኒክ ማስረከብ ቁልፉን ሰጥቶ መድኃኒቱን ማስቀረት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፈቃዱ ነው። በ2014 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ያዛል። ፈቃዱ ያለው የማዕከሉ መንግሥት አካል በሆነው በስደተኞች ኮሚሽን እጅ ነው። የጤናው ቢሮ ደግሞ የዊላያው ነው። እንግዲህ የካምፑ ክሊኒክ ታጥፎ «ገዳሪፍ ከተማ ሂዱና ታከሙ» ከተባልን፣ አንዱ ቢሮ በሩን ሲከፍት ሌላው መንገዱን ዘግቶታል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ፈቃድ እስክታገኝ ትጠብቅ?

የኬንያን ብናይ፣ መንግሥት በመጋቢት 2025 «ሺሪካ» የሚባል ዕቅድ ይፋ አድርጓል፤ ካኩማና ዳዳብ ስደተኛና ነዋሪ አብረው የሚኖሩባቸው ሠፈሮች እንዲሆኑ ነው። እዚያ 47 ካውንቲዎች አሉ። የተመረጠ ገዢና ምክር ቤት አላቸው፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከማዕከል ገንዘብ ይካፈላሉ፣ ለከተማ የማዘጋጃ ቤት ቻርተር ይሰጣሉ። የስደተኛ ጉዳይ ግን የናይሮቢ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ገንዘቡና ውሳኔው በማን እጅ ይሁን የሚል ነው። ቻርተርና ምክር ቤት ባለበት አገር ይህን ያህል ካከራከረ፣ ጦርነት ላይ ባለች ሱዳንማ ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ የካምፕ ኮሚቴ አባላት፣ ርክክብ ሲነሳ ዝም አትበሉ። የሠራተኛውን ደመወዝ ማን ይከፍላል፣ ለስንት ጊዜ? ስደተኛው የሚከፍለው ከነዋሪው እኩል ነው ወይ? ለታካሚና ለተማሪ የመውጫ ፈቃድ ቀድሞ ይሰጣል ወይ? ትምህርቱ በአረብኛ ከሆነ ልጆቻችን ቋንቋውን እስኪይዙ ማን ያግዛቸዋል? ቅሬታ ያለውስ የማንን በር ያንኳኳ?

መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ማዕድ መቋደስ መልካም ነው፤ ግን መጀመሪያ ማዕዱ ዘንድ መድረስ አለብን።