እንግዳውን ከክብር ወንበሩ እናስነሣው

መስከረም 16 አዲስ አበባ ላይ የሚገኝ የውጭ አገር ጎብኚ ውሎው የታወቀ ነው። አስጎብኚው ወደ መስቀል አደባባይ ይወስደዋል፤ ፍተሻውን አልፎ ለእንግዶች በተለየው ቦታ ይቀመጣል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሲያሸበሽቡ ፎቶ ያነሣል፤ ደመራው ሲለኮስ አይቶ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ያየው ግሩም ነው፤ ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ ከተማዋ በዓሏን ከምታከብርበት መንገድ ትልቁን ክፍል ሳያይ ይተኛል። የአዲስ አበባ በዓላት ለእንግዳ ይበልጥ የሚጥሙት በየሰፈሩ ናቸው። ስለዚህ የቱሪዝም ጥረታችን በአደባባይ ወንበር መጨመሩን ትቶ እንግዳውን ወደ ሰፈር ማድረስ ላይ ቢያተኩር ይሻላል እላለሁ።

የጥምቀትን ዋዜማ እንውሰድ። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ጃንሜዳና ወደ ሌሎቹ የጥምቀተ ባሕር ሜዳዎች ይወርዳሉ። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃቸው ጃንሜዳ ሆኖ ነው፤ የበዓሉ ግማሽ ግን መንገዱ ላይ አልቋል። የየሰፈሩ ወጣቶች አዋጥተው ምንጣፍ ይገዛሉ፤ ታቦቱ ሳይደርስ አስፋልቱን ይጠርጋሉ፤ ቀዩን ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ታቦቱን ያከበሩት ካህን እንዳለፉ የኋላውን ጠቅልለው በትከሻቸው ይሸከሙና፣ በሕዝቡ መሐል እየተሽሎከሎኩ ሮጠው እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። ማረፊያው እስኪደርስ ድረስ ሥራው ይኸው ነው፤ ከፋይም የላቸውም። እናቶች ከደጃፋቸው ወጥተው እልል ይላሉ፤ ለደከመው ውኃ የሚያቀብል አይጠፋም። ጃንሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው የተነጠፈውን ምንጣፍ ያያል፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ግን አንጣፊዎቹንም ያያል። በዓሉ ያለ እነዚህ ልጆች በዓል አይሆንም።

ደመራም ከዚህ አይለይም። የአደባባዩ ከተለኮሰ በኋላ፣ ሲመሽ፣ በየሰፈሩ አነስ ያለ ደመራ ይበራል። ጎረቤቱ ችቦውን ይዞ ይወጣል፤ ከጫፉ አደይ አበባ የታሰረበትም አለ። እሳቱ ሲፋፋም ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ከምሰሶው አይነቅሉም፤ የሚወድቅበት አቅጣጫ የዘመኑን ዕጣ ይናገራል ይባላልና። በማግስቱ አመዱ በየግንባሩ የመስቀል ምልክት ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቦታ የቆመ እንግዳ ዳር ይዞ ማየት ቢፈልግ እንኳ ሰዉ አይተወውም፤ ዳቦ ይቆረስለታል፣ ጠላ ይቀዳለታል። ጨርሶ አደባባይ የሌላቸውም በዓላት አሉ። ነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ የሚሉት በየደጁ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ የሚሉትም እንዲሁ። በአደባባይ ብቻ የታቀደ ጉብኝት እነዚህን ከነጭራሹ አያውቃቸውም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፤ በሕዝብ መሐል ግፊያና ኪስ አውላቂ አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የክብር መቀመጫ በራሱ ዋስትና አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ጎንደር ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። አንድ አደጋ መቀመጫን ሁሉ አይኮንንም፤ ደኅንነት ግን ከሕዝብ በመለየት ብቻ እንደማይገኝ ያሳያል። አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ጥቂት ሰው ያለበት ቡድንና እንግዳውን ተቀብሎ የሚያስተናግድ የሰፈር ወጣት ማኅበር ካለ ስጋቱ ይቀንሳል። ገቢው ይቀርብናል ለሚሉም መልስ አለ፤ ሰፈር የገባ እንግዳ ነጠላ ይገዛል፣ ቡና ይጠጣል፣ ገንዘቡም በቀጥታ በዓሉን ከሚሠሩት እጅ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከምእመናን የሚመጣው ነው፤ በዓሉ የአምልኮ እንጂ የቱሪስት ትርኢት አይደለም ይላሉ። እኔም እስማማለሁ፤ የምከራከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዓልን ትርኢት የሚያስመስለው ፊቱን ወደ ተመልካች ማዞሩ ነው። መንገድ ላይ ግን ታቦቱ ለማንም ብሎ አይቆምም፤ ሥርዓቱን የሚጠብቀው እንግዳው ነው። ታቦት ሲያልፍ ከፊቱ አለማቋረጥ፣ ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ ለሴቶች ነጠላ መከናነብ፣ የሚጸልይን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሣት፤ ይህን ለማስረዳት አንድ ገጽ ይበቃል። ዩኔስኮም መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀትን ደግሞ በ2019 ሲመዘግብ የመዘገበው አደባባዩን አይደለም። መሠረቱ የሆነው የ2003ቱ ስምምነት የማይዳሰስ ቅርስ የሚለው ማኅበረሰቡ ራሱ ቅርሴ ብሎ የሚያውቀውን ልማድ ነው። ያ ልማድ የሚኖረው ደግሞ በየሰፈሩ ነው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ መረጃ ግን ያስፈልጋል። ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህን ያልተነገረው ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን በአንድ ቀን ሊያሳስት ይችላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲባል በእሱ ሰዓት 6 መሆኑን ካላወቀም የጥምቀቱ ሥርዓት ያመልጠዋል። ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት፣ ታቦታቱ የሚያልፉባቸውን መንገዶችና የሥርዓቱን መመሪያ በእንግዳው ቋንቋ አትመው ይስጡ። የሰፈር ሰው ደግሞ ችቦው ዘንድ የቆመ እንግዳ ሲያይ ዳቦውን ይቁረስለት፤ ቀድሞም የምናውቅበት ነው።