የአንበሴ ጆሮ አይቆረጥ! ክትባቱ ይቅደም!

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ከሰሞኑ በውሃ ቦታም በጠላ ቤትም የሚወራው ስለ አንድ ውሻ ጆሮ ነው። ያልሰማችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጎረቤታችን ለፍየሎቻቸው ጠባቂ ይሆነኛል ብለው አንበሴ የሚባል ቡችላ አምጥተዋል። ቡችላ እንበለው እንጂ ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ ቁመቱም ከጉልበት አልፏል። ጆሮው ግን እንደተፈጠረ ነው። አንዳንድ አባቶች «ጆሮው ያልተቆረጠ ውሻ ምኑን ውሻ ሆነ?» ስላሏቸው በመጪው እሑድ ሊያስቆርጡት አስበዋል። ውሻው ከፍ ስላለ አንድ ሰው አይችለውም፤ በመሆኑም የሚይዙ አራት ጎልማሶች ማኅበሩ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።

መልሳችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። መልሳችን «አንሰጥም!» የሚል ነው። ምክንያት ሳይናገሩ እንቢ ማለት ግን ጎረቤትን መናቅ ይሆናል። ስለዚህ ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን፤ ማንበብ ለማይችሉም ልጆች ያንብቡላቸው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። የማኅበሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ውሻ እንደነበረን ታስታውሳላችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት እሱንም እንዲሁ ካደገ በኋላ ጆሮውን ቆረጥነው። አራታችን ይዘን፣ አፉን በገመድ አስረን፣ በምላጭ ቆረጥን፤ አመድም ነሰነስንበት። ደሙ ግን አልቆመም። ውሻው ራሱን ባራገፈ ቁጥር ግድግዳው ሁሉ ደም ሆነ። በሳምንቱ ዝንብ አረፈበት፣ ቁስሉ ተላ። ትሉን እንዳንለቅምለት እጅ ሲቀርበው ይነክሳል። ዳነ ስንል ደግሞ ሰው አላምን አለ፤ እጁን ዘርግቶ ሊያሻሸው የቀረበ የጎረቤት ልጅ ክንዱን ተነከሰ። ልጁ ተርፏል፤ እናቱ ግን ያን ሰሞን ያሳለፈችውን ጭንቀት እኛ እናውቃለን። ያ ውሻ ከመቆረጡ በፊት ማንንም አልነከሰም ነበር። ጀግና እናደርገዋለን ብለን ፈሪ አደረግነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው ጅብን አይደለም፤ የቀረበውን ነው።

ታዲያ ያንን ያየን ሰዎች ዛሬ ተመልሰን አንበሴን እንያዝ?

ነገሩ የውሻ ነገር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ቀርቶ ሰሃላም፣ ዝቋላም፣ አበርገሌም ምን እንዳየ የሚረሳ የለም። ከብት አለቀ፣ ፍየል አለቀ፣ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ዛሬ በየጉረኖው ያለችው ፍየል ከዚያ የተረፈች ናት። አንዲት ፍየል በጅብ ስትበላ የተበላችው የልጅ ደብተር ናት፣ የክረምት እህል ናት። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ ውሻ ያስፈልጋል በሚለው ከማንም ጋር አንጣላም። የምንጣላው ጆሮ መቁረጥ ጥሩ ጠባቂ ያደርጋል በሚለው ነው።

እስቲ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ «ጆሮው ሲቆረጥ አጥርቶ ይሰማል» ይባላል። ስሕተት ነው! መስሚያው ያለው በውጭ ባለው ጆሮ ላይ አይደለም፤ በራስ ቅሉ ውስጥ ነው። የውጩ ጆሮ ድምፅ ሰብስቦ የሚያስገባ ነው፤ ውሻ ወዲህና ወዲያ እያዞረ ኮሽታው ከየት እንደመጣ የሚለየውም በእሱ ነው። ሰው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ውሻ ግን እስከ 45,000 ገደማ የሚርገበገበውን ይሰማል። ይህን ስጦታ ይዞ የተወለደ ፍጥረት ነው። እኛ በምላጭ ምን እንጨምርለታለን? መሰብሰቢያውን እንቀንስበታለን እንጂ! አቧራና ዝናብም ያለ ከልካይ እንዲገባበት እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ «ኃይለኛ ይሆናል» ይባላል። ኃይለኝነት በጆሮ ቢሆን ኖሮ ከነጆሮው ያለው ጅብ ባልተፈራ ነበር! ሥቃይ ውሻን ተጠራጣሪ ያደርገዋል እንጂ ደፋር አያደርገውም። ማስረጃው የራሳችን የዕቃ ቤት ውሻ ነው።

ሦስተኛ፣ «ጅብ ጆሮውን እንዳይዘው ነው» ይባላል። ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፤ እውነትነት ስላለው አንክደውም። በትግል ጊዜ ጆሮ ይዘነጠላል። በሌላም አገር፣ ለምሳሌ በቱርክ፣ ካንጋል የሚባለውን የበግ ጠባቂ ውሻ ጆሮ እረኞች ተኩላን ፈርተው ሲቆርጡ ኖረዋል። ነገር ግን እነዚያው እረኞች ለውሻቸው ሌላም ነገር ያደርጉለታል፤ ሹል ብረት የተተከለበት የአንገት ማሰሪያ ያጠልቁለታል። ለምን? ሞት ያለው ጆሮ ላይ ሳይሆን አንገት ላይ ስለሆነ ነው። ጆሮ ለመያዝ የደረሰ ጅብ አንገትም ደርሷል። ወፍራም ጠፍርና ጥቂት ምስማር ደግሞ ከሰፈራችን አይታጣም። ጆሮውን ቆርጦ አንገቱን ባዶ መተው በሩን ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው።

አራተኛ፣ «ጆሮው የተቆረጠ ውሻ አያብድም» የሚሉም አልጠፉም። ይህ የእኛ አገር ሰው ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ኮሉሜላ የሚባል የሮም ሰው ስለ እርሻ ሲጽፍ፣ የቡችላ ጭራ በአርባ ቀኑ ቢቆረጥ ውሻው አያብድም ብሎ መክሯል። ያን ያህል ዘመን ጭራ ሲቆረጥ፣ ጆሮ ሲቆረጥ ውሻ ማበዱን አልተወም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው፤ የሚገባውም በንክሻና በቁስል ነው። ጆሮ መቁረጥ በሽታውን አይከለክልም፤ እንዲያውም አዲስ ቁስል ይከፍትለታል።

አምስተኛ፣ «የአባቶቻችን ልማድ ነው» ይባላል። አባቶቻችንን እናከብራለን። ነገር ግን እንጥል መቧጠጥም ልማድ ነበር፣ የወተት ጥርስ መንቀልም ልማድ ነበር። ጉዳቱን ስናውቅ ተውነው፤ አባቶቻችንንም አልሰደብንም። በነበራቸው እውቀት የሚችሉትን አደረጉ። እኛ ግን እያወቅን ብናደርገው ምን ሰበብ አለን?

አሁን ደግሞ ወደ አንበሴ ዕድሜ እንምጣ። «በጨቅላነቱ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ቢዘገይም ይቆረጥ» የሚል አለ። ለመልክ ሲሉ የውሻ ጆሮ በሚያስቆርጡባቸው አገሮች እንኳ ሥራውን የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ማደንዘዣ ሰጥቶ፣ ቡችላው ከ7 እስከ 12 ሳምንት ሳለ ይቆርጣል። ከዚያ ካለፈ የጆሮው ለስላሳ አጥንት ይወፍራል፤ ሥቃዩም ደሙም ይበዛል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አንበሴ ሰባት ወሩ ነው። በእኛ ምላጭ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ በአመድ! ታናሽ ቡችላ ይቆረጥ ማለታችንም አይደለም። በዚያም በኩል ዓለም እየተወው ነው፤ የአውሮፓ አገሮች በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1987) ለቤት እንስሳት ጥበቃ ባወጡት ስምምነት ጆሮ መቁረጥን ከልክለዋል።

ታዲያ ውሻው እንዴት ጠባቂ ይሁን? ሚስጥር የለውም። ውሻ ከፍየል ጋር ይደር፤ ሽታቸውን ይልመድ፣ መንጋው ቤተሰቡ ይሁን። ቀን ይታሰር፣ ሌሊት ይፈታ። በልቶ ይደር! የተራበ ውሻ ጉረኖውን ጥሎ ቆሻሻ ፍለጋ ይዞራል፤ ያኔ ነው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ያሉት አባቶች ስለ ሆዱ ተናገሩ እንጂ ስለ ጆሮው አልተናገሩም። የሚችልም ሁለት ውሻ ያሳድግ፤ ጅብ በጋራ ሲመጣ አንድ ውሻ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ከሁሉ በላይ ግን ክትባት! የሰፈሩ አፍ ሁሉ ስለ ጆሮ ሲያወራ ይህን የሚያነሣ መጥፋቱ አሳዝኖናል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ከተገኘ ቆይቷል፤ ሉዊ ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1885) ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አድኗል። በአንድ አካባቢ ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰባቱን ማስከተብ የሚያቅተን ሰዎች ነን? አንድ ውሻ ለማሰቃየት አራት ጎልማሳ ካገኘን፣ ውሾቹን ሁሉ ይዞ ለማስከተብ አርባ ሰው አናጣም!

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦

1ኛ. ማኅበሩ ጆሮ ለማስቆረጥ ሰው አይሰጥም፣ ገመድም አያውስም። ውሻው የባለቤቱ ነው፤ በግድ እንከለክላለን አንልም። እጃችንን ግን አናስገባም።

2ኛ. ለአንበሴ የአንገት ማሰሪያ የሚሆን ጠፍር ከማኅበሩ ዕቃ ቤት ይሰጣል፤ ሥራውንም እኛው እናግዛለን።

3ኛ. ውሻ ያላችሁ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ቁጥሩን ይዘን ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የክትባት ጥያቄ እናቀርባለን።

4ኛ. ማንም ሰው ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብሎ መዘናጋት አያስፈልግም፤ ምልክቱ ሳይታይበትም ምራቁ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለውሻው ባለቤት አንድ ቃል እንጨምር። አያ፣ በእርስዎ ላይ የተጻፈ አድርገው እንዳይወስዱብን። ፍየልዎን ለማዳን ማሰብዎ ትክክል ነው፤ በድርቁ ጊዜ ያጡትንም እናውቃለን። ጥፋቱ ቀድሞ የእኛ ነበር፤ ያየነውን እንዳያዩ ብለን ነው። እሑድ ዕለት ምላጩን ትተው አንበሴን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ይምጡ፤ አንገቱን ለክተን ማሰሪያውን እንሥራለት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ያነበበ ሁሉ የራሱን ጆሮ ባዳ አያድርግብን!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሰሃላ