አምባሳደር የሌለው እስረኛ

አንድ የውጭ አገር ኤምባሲ እዚህ ስለታሰረ ሰው «ፍትሐዊ ዳኝነት ያግኝ» ሲል ከባለሥልጣኖቻችን የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ በውስጥ ጉዳያችን ጣልቃ አትግቡ። መንግሥት ቢቀያየርም ይህ መልስ አልተቀየረም። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ላይ ሆኜ ስሰማው አልዋጥልህ ይለኛል፤ ከዚህ አካባቢ የወጡ ልጆች በሰው አገር እስር ቤት ሲገቡ እኛም የምንለምነው ያንኑ ነውና።

ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳና ከሚኤሶ የሚነሳው ወጣት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ይገባል። የተያዘ ዕለት ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ ምን ተብሎ እንደተከሰሰ እንኳ ሳይገባው ይቀራል። በኅዳር 2006 ሪያድ ውስጥ ማንፉሃ በተባለው ሰፈር ኢትዮጵያውያን ተደበደቡ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ብዙዎች ታፍሰው ታሰሩ። በዚያ ሰሞንና በተከታዮቹ ወራት ከሳዑዲ የተመለሰው ወገን ከ160 ሺህ በላይ ነበር። ያኔ የሁላችንም ጥያቄ «ኤምባሲያችን የት ሄደ?» የሚል ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊ ፓርቲ በጠራው ሰልፍ ወደ ሳዑዲ ኤምባሲ የሄዱትን ደግሞ የገዛ ፖሊሳችን በዱላ በትኖ አሰራቸው። በውጭ ለታሰረ ወገን መጮኽ በአገር ውስጥ አሳሰረ። ይህን እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

ዲፕሎማቶች የሚጠይቁት ነገር ደግሞ ይህን ያህል የሚያስቆጣ አይደለም። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረው ሰው ከፈለገ ቆንስላው እንዲነገረው፣ እንዲጎበኘው፣ ጠበቃ እንዲያፈላልግለት ይላል። ፍቱት አይልም። በሰኔ 2003 በሶማሌ ክልል የተያዙት ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች የ11 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር፤ አገራቸው ግን ከጎናቸው አልጠፋችም፣ በጳጉሜን 2004 በይቅርታ ወጡ። ኬንያዊው ጋዜጠኛ ያሲን ጁማ በ2012 ክረምት ከፖለቲከኛው ከጃዋር መሐመድና ከሌሎች እስር ጋር ተያይዞ ሲያዝ፣ ፍርድ ቤት ይፈታ ካለ በኋላ እንኳ ፖሊስ አልለቅም ብሎ ሲያቆየው፣ ቢያንስ ስሙን የሚጠራለት አገር ነበረው።

የእኛ ልጅስ? ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ በተለይ በነሐሴ 2012 «የታሰሩት ይፈቱ» ብሎ በሐረርጌ ከተሞች የወጣው ወጣት ከፊሉ በጥይት ሞተ፤ ብዙው ታሰረ። የሌላ አገር ፓስፖርት ስለሌለው መግለጫ የሚያወጣለት አምባሳደር አልነበረም። ለእሱ ያለችው በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዛ የምትቆመው እናቱ ናት፤ እሷም «እዚህ የለም» ከተባለች ወደ ሌላ ጣቢያ ትሄዳለች። ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ በአንቀጽ 19 ያዛል። አንቀጽ 20 ጠበቃና አስተርጓሚ፣ አንቀጽ 21 የቤተሰብ ጉብኝት ይሰጠዋል። እንግዲህ ኤምባሲዎች የሚጠይቁን አዲስ ነገር የለም፤ ለዜጎቻችን ራሳችን የጻፍነውን ነው።

ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ በጨርጨር ገዥነታቸው ያቀኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይታሰር በዚያ ሕግ ውስጥ ሰፍሯል። እኚሁ ሰው ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ዓለም ለኢትዮጵያ ፍትሕ እንዲቆም ጠይቀዋል። አሰበ ተፈሪን ያቀና ሰው የባዕድ መንግሥታትን ፍርድ መጠየቅን እንደ ውርደት አላየውም፤ እኛም ስንጠየቅ እንደ ውርደት ልናየው አይገባም።

ስለዚህ በምዕራብ ሐረርጌ ያሉ ጣቢያዎች የያዙትን ሰው ስም በያዙበት ቀን ለቤተሰቡ ይንገሩ፤ ቀጠሮውን አሳውቀው ጠበቃ ያስገቡ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በሪያድና በጅዳ ያሉት ሠራተኞቹ ለአንድ የጭሮ ልጅ ቢያንስ እነዚያ ስዊድናውያን ያገኙትን ያህል እስር ቤት ድረስ ይሂዱለት።