ዋና እንደማትችይ ንገሪው!

ዛሬ ሳላንዛዛ ወደ ደብዳቤው ልግባ፤ ጸሐፊዋ የእኔው ሰፈር ልጅ ናት... የሲኤምሲ! (አትፈልጓት፣ ስሟንም ብሎኳንም አልነግራችሁም።)

ዕድሜዋ 26 ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጓ ነው። እጮኛዋ «ጫጉላችንን ሜክሲኮ ካላሳለፍን» ብሎ ድርቅ ብሏል። የኛን ሜክሲኮ አደባባይ እንዳይመስላችሁ! (በነገራችን ላይ አደባባዩ በዚያች አገር የተሰየመው፣ ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው።) ልጁ የሚፈልገው ካንኩንን ነው፤ ጠዋት የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ከሰዓት የጥንቶቹን የማያ ሕዝቦች ፍርስራሽ መጎብኘት። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው።

እሷ ግን ሁለት ነገር ደብቃዋለች። አንደኛ ዋና አትችልም። ሁለተኛ አስም አለባት። «ፈሪ ይለኛል ብዬ አፈርኩ፣ ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር የልጁ ምርጫ አይናቅም። ዩካታን የሚባለው አካባቢ መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ከሥር ውሃ ሲቦረቡረው ቆይቶ ጣሪያው ሲደረመስ ሴኖቴ የሚሉት ጥልቅ ኩሬ ይፈጠራል። ቺቼን ኢትዛ በምትባለው የማያ ከተማ ካለው ሴኖቴ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወርቅ፣ የከበረ ድንጋይና የሰው አጥንት ወጥቷል፤ ለአምላካቸው የተሠዋ ነው። ቱሉም ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ሆና ባሕሩን ቁልቁል የምታይ በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ውሃውና ታሪኩ አንድ ላይ ነው እዚያ።

ችግሩ ዕቁቡ ነው። እጮኛሽ የጻፍሽልኝን ዕቁብ መጣል የጀመረው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቁብ ደግሞ በዶላር አይጣልም። ስለዚህ ካንኩን ለጊዜው በቲክቶክ ብትቀር ማንም አይሞትም።

ሊሞት የሚችለው በሌላው ነገር ነው። አስምሽን ደብቀሽ ባትጠልቂ እመርጣለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ 10 ሜትር ስትጠልቂ የምትስቢው አየር የታመቀ ነው፣ ግፊቱ ላይ ካለው እጥፍ። ወደ ላይ ስትወጪ ያው አየር ሁለት እጥፍ ይሰፋል። የአየር ቧንቧሽ በዚያች ሰዓት ከጠበበና አየሩ መውጫ ካጣ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል። ለዚህ ነው አጥላቂዎቹ ከማስገባታቸው በፊት የጤና ፎርም የሚያስሞሉት። «የለብኝም» ብለሽ እንዳትፈርሚ! መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሐኪሙ እሺ ሊልሽም እምቢ ሊልሽም ይችላል።

እኔም እኮ ዋሽቼ አውቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ከወንድ ጓደኛዬ ጋር ላንጋኖ ወርደን ነበር። በቡታጅራ መንገድ ሄደን ጢያ ላይ ቆምን። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት 36ቱ ትክል ድንጋዮች ያሉበት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። አስጎብኚው «ከሥራቸው የተቀበሩት ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው» ሲለን፣ የኔ እኩዮች ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በዝዋይ በኩል ገባን።

ላንጋኖ ስንደርስ «ዋና ትችያለሽ?» አለኝ።

«በደንብ!»

ከየት አመጣሁት? ሃይስኩል ሳለን ሶደሬ አንድ ቀን ተንቦጫርቄ ነው! የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ የረገጥሽበትን አታይውም። አንድ እርምጃ... ሁለት... ሦስተኛው ላይ መሬቱ የለም። ስንት ጊዜ እንደጠጣሁ አላውቅም። በሹሩባዬ ጎትቶ አወጣኝ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እየተንቀጠቀጠ «ብትነግሪኝ ኖሮ ዳር ላይ አብሬሽ እቀመጥ ነበር እኮ» ነው ያለኝ። (አሁን ተለያይተናል፣ ግን በሌላ ጉዳይ ነው።)

ባሕር ካልሆነ ካላችሁ ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። ዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ ሰው የማይነካው ሻርክ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ለእናንተ ወሩ አይገጥምም። ሙሻ ደሴት ያለው ኮራል ግን አለ። ብቻ ሰኔን አትጠብቁ፣ ሙቀቱ አይቻልም። ለፍርስራሹ ምትክ ደግሞ ሐረር አለችላችሁ። ፍርስራሽ ሳትሆን እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው ጀጎል ግንብ የታጠረች ከተማ።

ቅደም ተከተሉ ግን ቀልድ አይደለም፤ ሐረር መጀመሪያ፣ ባሕሩ ቀጥሎ፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዕረፍት። ለምን? አምቦ ውሃ ስትከፍቺ አረፋው እንዴት ፍልቅ እንደሚል አይተሻል? ጥልቀት ውስጥ ናይትሮጅን የሚባለው አየር ደም ውስጥ ይሟሟል፤ ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣሽ እንደ አምቦው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ከባሰም ሽባ ያደርጋል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆያል። «በመኪና ነው የምመለሰው» ማለትም አያድንም፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰው ግን ደረሰኝ ላይ የጻፈውን ብር እንዳይበላ ብሎ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ይጠልቅና ማታ ይሳፈራል።

ይሄንን ለእጮኛሽ አንብቢለት። ካነበብሽለት በኋላ ግን ያንን ሁለቱን ንገሪው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጀበና ቡና ላይ፣ ስልኩን አስቀምጦ። እሱ መጥለቅ ከፈለገ ይጥለቅ፣ አንቺ ጀልባው ላይ ሆነሽ ጠብቂው። ደግሞ እስከ ፋሲካ ጊዜ አለሽ፤ መዋኛ ያለው ቦታ አስተማሪ ፈልጊና ጀምሪ፣ የአስም ፓፍሽን ከጎንሽ አድርገሽ።

ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ካልጻፍሽልኝ ጨጓራዬ ነው የሚላጠው!